ዳገት በፉከራ አይወጣም

(ከአሰቦት ቁልቢ ድረስ በእግር ለመጓዝ ለተመዘገቡ ወጣቶች አሰቦት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። መገኘት ላልቻላችሁ ሙሉ ቃሉን እነሆ ብለናል። የምትጓዙ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ለጓደኞቻችሁም አጋሩት።)



አስተባባሪዎቹ «ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ አንድ ነገር በል» ብለውኛል። እኔ ተራራ ወጪ አይደለሁም፣ አስጎብኚም አይደለሁም። ዲግሪዬ ጂኦግራፊ ነው። እስካሁን ሥራ አላስገኘልኝም፣ እስቲ ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ይጥቀም። ቀሪውን የማውቀው እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ቆላና ደጋ ስወጣ ስወርድ ነው።

ነገሩን በቀጥታ ልጀምር። ጉዟችን ከአሰቦት ተነሥቶ በሚኤሶ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በጨለንቆ አድርጎ ቁልቢ ይገባል። ከ150 ኪሎ ሜትር አያንስም። አሁን በመካከላችን ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው «በአራት ቀን እንጨርሰው፣ ወጣት አይደለን እንዴ፣ ሌሊቱንም እንሂድበት» የሚል ነው። ሁለተኛው «ታኅሣሥ 10 ተነሥተን 17 ማታ እንግባ፣ ሰባት ቀን እንሂድ፣ አንድ ቀን እንረፍ» የሚል ነው። እኔ የመጣሁት ለሁለተኛው ልከራከር ነው። ከጨረስኩ በኋላ የፈለጋችሁትን ወስኑ። ግን አውቃችሁ ወስኑ።

ወገኖቼ፣ እኛ የአሰቦት ልጆች የምናውቀው ጠላት ሙቀት ነው። ሐሩር ነው፣ አቧራ ነው፣ ጥም ነው። ሰውም «ሐረርጌ» ሲባል የሚመጣለት ሙቀት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለጉዞው ያሰብነው ቲሸርት፣ ቁምጣና ሸራ ጫማ ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሚኤሶ በኋላ መሬቱ መነሣት ይጀምራል። ጭሮ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናችሁ። ከጭሮ በኋላ መንገዱ የጨርጨርን ጋራ ይይዛል። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ ይጠመዘዛል። ትምህርቱ የሚለው ይሄን ነው፦ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ይሄ እንግዲህ ነፋስ ሳይቆጠር ነው።

ደግሞ ወሩ ታኅሣሥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የለም። ደመና ማለት ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የገባውን ሙቀት ሌሊት እንዳይወጣ ይሸፍናል። ጋቢው ሲገፈፍ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይተፋዋል። ለዚህ ነው ቀን ፀሐይ አናታችንን እያቃጠለች ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ የሚወርደው። ገበሬው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳዩን ያየዋል። እኛ ግን ቀን በላብ የራሰውን ቲሸርት ለብሰን እዚያ ውርጭ ላይ እንቀመጣለን። እርጥብ ገላ ከደረቅ ገላ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ሙቀት ያጣል፤ ውኃ ከአየር ይልቅ ወደ 25 እጥፍ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ሰው በብርድ ለመሞት በረዶ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ላብ፣ ነፋስና ባዶ ሆድ ከተገናኙ ይበቃል።

«የጀግና ልጅ ብርድ አይፈራም» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ጥሩ፣ እንግዲያው ስለ ጀግኖቹ እናውራ።

ቁልቢን ለምን መረጥን? የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ያሠሩት ነው ስለሚባል አይደለም እንዴ? እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮን የሚሄደው የሐረርጌ ሰው በዓድዋ ስላለው ድርሻ ነው። እሺ፣ የሐረርጌ ጦር ከሐረር ተነሥቶ ዓድዋ እንዴት ደረሰ? በእግሩና በበቅሎ ነዋ! በዚያ ዘመን ከሐረር ወደ ሸዋ ከሚወስዱት የነጋዴ መንገዶች አንዱ በዚሁ በእኛው በጨርጨር ጋራ ላይ ያልፍ ነበር። ያ ጦር ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ተዋግቶ አሸነፈ። አምባላጌ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ወሩ ደግሞ ይኸው የውርጭ ወር ነው። የሐረር ሰው አምባላጌ በኅዳር መጨረሻ! እስቲ አስቡት።

ታዲያ በፉከራ ነው የደረሱት? አይደለም። በስንቅ ነው የደረሱት። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ቀድሞ ተዘጋጅቷል። አህያውና በቅሎው ተጭኗል። የሚፈጩ፣ የሚጋግሩ፣ ውኃ የሚቀዱ እናቶች አብረው ዘምተዋል፤ ያለ እነሱ ዓድዋ የለም። ፍጥነቱንስ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት 2 ነው። ጦርነቱ የካቲት 23 ሆነ። ቀኑን ስትቆጥሩት 141 ቀን ነው። መንገዱን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እንበለው። ሠፈሩን፣ ዕረፍቱን፣ የመቀሌን ከበባ ሁሉ ጨምራችሁ ብታካፍሉት በቀን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰባት! ያ ሁሉ አንበሳ በቀን ሰባት ኪሎ ሜትር እየሄደ አፍሪካን ያኮራ ድል አመጣ። እኛ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ሄደን ምን ልናመጣ ነው? ለስልክ የሚሆን ፎቶ?

መቀሌንም ካነሣሁ አይቀር። በምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር መድፍ ነበረው፣ ግንቡ ጠንካራ ነበር። ያንበረከከው ግን ጥም ነው። በእቴጌ ጣይቱ ብልሃት የውኃው ምንጭ ተያዘበት፣ በቃ ምሽጉን ለቆ ወጣ። መሣሪያ ያላሸነፈውን የውኃ እጦት ያሸንፈዋል። ይቺን ያዟት፣ እመለስባታለሁ።

ከጠላትም መማር ነውር የለውም። በዓድዋው ዋዜማ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ሌሊቱን በተለያየ መስመር ተጓዘ። በእጁ የነበረው የካርታ ንድፍ የተሳሳተ ነበር። ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ካርታው ላይ ያለበት ቦታና መሬት ላይ ያለበት ቦታ አንድ አልነበረም። አልቤርቶኔ ከሌላው ተነጥሎ ወደ ፊት ራቀ። ዳቦርሚዳ ደግሞ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ገባ። ጋራና ሸንተረሩ በመካከላቸው ገባና አንዱ ለአንዱ ሳይደርስ አባቶቻችን በየተራ ደመሰሷቸው። ልብ በሉ፦ ሌሊት፣ የማያውቁት ገደል፣ የተሳሳተ ካርታ፣ የተበታተነ ሰልፍ። «ሌሊት እንሂድ፣ የቸኮለ ይቅደም፣ ስልካችን ላይ ካርታ አለ» የሚለው የእኛ ዕቅድ የማንን ይመስላል? የምኒልክን ነው የባራቲየሪን?

(ሳቅ)

ሳቁ፣ ግን ቁም ነገር ነው።

በዘመናችንም ያየነው አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ «ጉዞ ዓድዋ» ተብሎ፣ የፊልም ባለሙያው ያሬድ ሹመቴና ጓደኞቹ እያስተባበሩት፣ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ዓድዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘዋል። ደብረ ብርሃን የምትገኘው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ በጥር ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ጣርማ በር ይመጣል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቁልቁል ይወረዳል። ወደ ሰሜን ደግሞ ከአላማጣ ወደ ኮረም የግራ ካሕሱ ዳገት አለ፣ ከማይጨው በላይ አምባላጌ ራሱ አለ። አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ውርጭና ሐሩር፣ እንደገና ውርጭ ይቀምሳል። እነዚህ ልጆች ከአንድ ወር በላይ ተጉዘው የካቲት 23ን ዓድዋ ላይ ያከበሩት በየቀኑ ለክተው ስለሄዱ ነው። በአንድ ሌሊት ጀግና መሆን የፈለገ እዚያ አይደርስም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ምን እናድርግ? በዝርዝር ልናገር፣ ጻፉት።

አንደኛ፣ እግር። ጉዞውን የሚያቋርጠው አብዛኛው ሰው ልቡ ደክሞ አይደለም፣ እግሩ ውኃ ቋጥሮ ነው። አዲስ ጫማ ለጉዞ የሚገዛ ሰው ለእግሩ ቁስል ነው የሚገዛው። ያላችሁን ጫማ ከአሁኑ ጀምሮ አድርጋችሁ ሂዱበት። ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት ስለሚገፋ ጫማው ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ጥፍራችሁን ከርከሙ። ሁለት ካልሲ ደርቡ፣ ሌላ ደረቅ ጥንድ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ቫዝሊን ተቀቡ። እግራችሁ አንድ ቦታ ላይ ማቃጠል ሲጀምር በዚያው ደቂቃ ቁሙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ። «ትንሽ ልታገስ» ያለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያነክሳል። ውኃ ከቋጠረ ቆዳውን አትግፈፉት፤ ቆዳው ራሱ ፋሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ልብስ። ጥጥ ቆንጆ ነው፣ ግን እርጥብ ጥጥ ሙቀት አይይዝም። ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ ያሞቃል። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባናና ዝተት የሚሠራው፣ የጥንት ዘማች በርኖስ የሚደርበው እኮ ለጌጥ አይደለም፤ ብርዱን በትውልድ አጥንቶት ነው። እኛ በርኖስ የለንም፤ ከሰልባጅ ተራ ግን የሱፍ ሹራብ በርካሽ ይገኛል። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሱፍ ሹራብ፣ ነፋስ የሚከላከል አንድ ጃኬት፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ጋቢ ይያዝ። ጋቢዋ ደግሞ ሁልጊዜ በላስቲክ ትጠቅለል። አንድ ሕግ ልስጣችሁ፦ ዳገት ስትወጡ ልብስ ቀንሱ እንዳታልባችሁ፤ ስትቆሙ ወዲያው ደርቡ። ሠፈር ስትደርሱ ከወሬ በፊት፣ ከፎቶ በፊት፣ ላብ የጠጣውን ልብስ ቀይሩ።

ሦስተኛ፣ ስንቅና ውኃ። ጉዟችን በነቢያት ጾም ላይ ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ቅቤ የገባበት ጭኮ ለጿሚው አይሆንም። በሶ በስኳር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምር ይያዝ። እነዚህ ትንሽ ቦታ ይዘው ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ለጿሚውም ለማይጾመውም ይሆናሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ አላችሁ፤ ከመነሣታችሁ በፊት የነፍስ አባቶቻችሁን አማክሩ፣ ደብቃችሁ እንዳትወድቁብን። ብርድ የሚመታው ባዶ ሆድን ነው፤ ሰውነት ሙቀት የሚያመነጨው ከምግብ ነውና። ውኃ በቀን ሦስት ሊትር ያህል ያስፈልጋችኋል። ደጋ ላይ ጥም አይሰማም፣ ግን ውኃው ከሰውነት በላብና በትንፋሽ ይወጣል። ሳይጠማችሁ ጠጡ። የመቀሌን ምሽግ አስታውሱ።

አራተኛ፣ ጫት። አሁን ዝም አላችሁ! አዎ፣ አገራችን የጫት አገር ነው፣ ቤተሰቦቻችንም ከእሱ ይተዳደራሉ፣ እኔ ጫት ገበሬውን ልወቅስ አልመጣሁም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ጫት ረሃብን ይደብቃል፣ ድካምን ይደብቃል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ ልብን ያስሮጣል። በመንገድ ላይ ደግሞ ረሃብና ድካም ጠላት አይደሉም፣ መልእክተኞች ናቸው። «ብላ፣ ጠጣ፣ ዕረፍ» ነው የሚሉህ። መልእክተኛውን አፉን ዘግተህ በምርቃና 40 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ሰውነትህ ዕዳውን ባንድ ጊዜ ይጠይቅሃል። ያውም በውርጭ ላይ፣ ሳትበላ፣ እንቅልፍ አጥተህ። ስለዚህ በእነዚህ ስምንት ቀናት ጫት የለም። አረቄም የለም። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣና የውስጡን ሙቀት ያስበላል። ትኩስ ሻይ፣ ትኩስ ሆጃ፣ እሱን ጠጡ።

አምስተኛ፣ መንገዱ። ጋራ የሚያደክመው ሲወጣ ነው፣ የሚጎዳው ግን ሲወረድ ነው። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል። ሁሉም ሰው ከዘራ ወይም ዱላ ይያዝ፤ ቁልቁል አትሩጡ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ። በጥምዝምዙ ላይ አቋራጭ አትፈልጉ፤ አቋራጭ ብሎ የገባ ገደል አፍ ላይ ይመሽበታል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እረኛው የሚያውቀውን መንገድ ስልክ አያውቀውም። ጠይቁ።

አስፋልቱ ደግሞ ከገደሉ ይብሳል። ሲኖ ትራኩን ታውቁታላችሁ፣ ጫት የጫነውን አይሱዙ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ገበያው እንዳያመልጠው የሚበር ነው። ስለዚህ በአስፋልት ላይ በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታየን፣ በአንድ ረድፍ እንሄዳለን። ሌሊት አንሄድም። መኪናም አለ፣ ጅብም አለ፣ ገደልም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነጋ እንነሣለን፣ ቆላው ላይ ቀትሩን ጥላ ሥር እናሳልፈዋለን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማደሪያችን እንደርሳለን። ጸሐይ ሳትጠልቅ ሠፈር፣ ጸሐይ ሳትጠልቅ ደረቅ ልብስ።

ስድስተኛውን ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ስሙኝ። ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚወስደው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል። እጁን ቆፈን ይይዘዋል፣ ዚፑን መዝጋት ያቅተዋል። ይሄ ማስጠንቀቂያው ነው። ቀጥሎ ይደናቀፋል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ የማይገናኝ ነገር ያወራል፣ ይነጫነጫል። «ተዉኝ፣ ትንሽ ልቀመጥና እደርስባችኋለሁ» ይላል። ይቺን ቃል የሰማችሁ ሰዎች፣ እንዳትሰሙት! ያን የሚናገረው ወንድማችሁ አይደለም፣ ብርዱ ነው። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ደግሞ ተሻለው ማለት አይደለም፣ ባሰበት ማለት ነው።

ምን ይደረጋል? ከነፋስ አስጠልሉት። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ራሱንና አንገቱን ሸፍኑ። መሬቱ ላይ በባዶው አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ገለባም ሆነ ቦርሳ አንጥፉለት። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ገብታችሁ በአንድ ጋቢ ተጠቅለሉ። አእምሮው ካለና መዋጥ ከቻለ ትኩስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። እጅ እግሩን በኃይል አትሹት፣ እሳት ላይ አታስጠጉት፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ራሱን ከሳተ ወይም አፉ ከተሳሰረ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ መኪና አስቁማችሁ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እናንተ እህቶችም፣ «ወንዶቹ ይስቁብናል» ብላችሁ ብርዱን እንዳትደብቁ። የተናገረ ይድናል።

ለዚህ ነው ሕጋችን አንድ የሚሆነው፦ የሰልፉ ፍጥነት የደካማው ሰው ፍጥነት ነው። ፈጣኖቹ ከፊት አይሄዱም። ከፊት መካከለኛው ይሂድ፣ ከሁሉም ኋላ ከሁሉም ጠንካራው ይሁን፣ ከእሱ ኋላ የሚቀር አንድም ሰው አይኑር። ሁሉም ሰው ጥንድ ጓደኛ ይኑረው፤ በየሰዓቱ ይተያዩ፣ ፊቱን ይየው፣ እጁን ይንካው፣ «በላህ? ጠጣህ?» ይበለው። እኛ ስለ አንድነት ብዙ እናወራለን፣ ብዙ እንጽፋለን። አንድነት ማለት ጨርጨር ጋራ ላይ፣ በውርጭ፣ እግርህ እየሮጠ ልቡ የደከመውን ወንድምህን ስትጠብቅ ነው። ፌስቡክ ላይማ ማን አንድ ያልሆነ አለ!

የሚያስጠላን ቃል አለ፦ «ተመለስ»። መመለስ ውርደት ይመስለናል። አይደለም። አየሩ ከከፋ፣ ሰው ከታመመ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች «ዛሬ በዚህ አትሂዱ» ካሉን፣ እንቆማለን ወይም እንመለሳለን። ጋራው የትም አይሄድም። በጥቂት ሰዓት እልህ ለአንዲት እናት የልጇን ሬሳ ይዘን ብንመጣ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ባንዲራ ይመልስልናል? ብዙዎቻችን የቤታችን ተስፋ ነን። ተምረን ሥራ አጥተን እንኳ እናቶቻችን አሁንም «ልጄ ይደርስልኛል» ነው የሚሉት።

ሌላም አለ። የምንሄደው በባዶ ምድር ላይ አይደለም፤ በሰው ደጅ ነው። የምናልፍባቸው መንደሮች የኦሮሞ ወንድሞቻችን ናቸው፣ አብዛኛዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ገና ከሩቅ «አካም ቡልታን» እንበል። ውኃ ከምንጭ ስንቀዳ እናስፈቅድ፣ ማሳ አንርገጥ፣ ማንንም የሚያስከፋ ዘፈን አንዝፈን። ስንነሣም በየከተማው ያለውን አስተዳደር አሳውቀን፣ ሽማግሌ አማክረን፣ ሰላም መሆኑን አረጋግጠን ነው። ሌሊት ብርድ ሲጠና በር የሚከፍትልህ የመንደሩ ሰው ነው። ሐረርጌ እንግዳ አይመልስም፤ እኛም እንደ እንግዳ እንግባ።

«ይሄ ሁሉ ዝግጅት ያስፈራል» የምትሉ ካላችሁ፣ ይሄን ተራራ እዩት። አሰቦት! ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች እንኳ የእኛን አገር ጋራ ፈርተው ሐዲዱን በቆላው ወስደውታል፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው ሐዲዱን ሐረር ድረስ ማውጣት ስለከበደ ነው። እኛ ግን ተራራ ፈርተን አናውቅም። በየካቲት 2004 ዓ.ም. የደብረ ወገግ ገዳም ደን ሲቃጠል ሰዉ በእግሩ ይሄን ተራራ ወጥቶ ከእሳት ጋር ታግሏል። ማንም «ስንት ኪሎ ሜትር ነው» አላለም። ነገር ግን ያኔም ቢሆን ውኃ የሚያቀብል ከሌለ፣ ስንቅ የሚያወጣ ከሌለ፣ እሳት የሚያጠፋ የለም። ከፊት የሚታየው አንድ ሰው ከኋላው አሥር ሰው አለው።

ስለዚህ የመጨረሻ ሐሳቤን ላቅርብ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ የተመዘገብን ሁሉ ሙሉ ጓዛችንን ተሸክመን አሰቦት ተራራን እንውጣ። ጫፉ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ከገዳሙ አባቶች ፈቃድ እንጠይቅ፣ በሥርዓት እንውጣ፣ በሥርዓት እንውረድ። ጫማችን እዚያ ይፈተን፣ ሹራባችን እዚያ ይፈተን፣ ፉከራችንም እዚያ ይፈተን። ከታች ላብ ሲያጠምቀን ከላይ ነፋሱ ሲያገኘን ያኔ እኔ ዛሬ የተናገርኩትን ሰውነታችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ያን ቀን እግሩ እምቢ ያለው ሰው አይፈር። ሥራ ሞልቷል። ቀድሞ በአውቶብስ ጭሮ ሄዶ ማደሪያ የሚያዘጋጅ እንፈልጋለን። ሂርና ላይ ሻይ አፍልቶ የሚጠብቅ እንፈልጋለን። ሁለት የጭነት አህያ የሚነዳ፣ መድኃኒትና ፋሻ የሚይዝ፣ የየቤተሰቡን ስልክ መዝግቦ ማታ ማታ «ደኅና ገብተዋል» ብሎ የሚደውል እንፈልጋለን። ዓድዋ የደረሰው ጦር ሁሉ ተኳሽ አልነበረም፤ ጋጋሪው፣ ውኃ ቀጂው፣ አህያ ነጂው ሁሉ የድሉ ባለቤት ነው።

ታኅሣሥ 17 ማታ ቁልቢ ስንገባ ማንም «በስንት ቀን መጣችሁ?» ብሎ አይጠይቀንም። የሚጠየቀው «ሁላችሁም ደኅና ናችሁ?» ነው። ያኔ «አዎ፣ ሁላችንም» ማለት አለብን። ከአሰቦት 60 ሰው ተነሥቶ ከሆነ፣ 60ው ቆሞ ይቆጠር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኛ አንቸኩል፣ ግን እንድረስ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!